የፔካኑ ዛፍ መደብ

ማሽኑን መጀመሪያ የገዛሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከዚህ በኋላ የማወራው ሁሉ ስለ ሌላ ሰው ዕድል ስለሆነ፣ ቢያንስ ይህቺ አንዷ ነገር የእኔ መሆኗ እንዲታወቅልኝ ነው።

ሥራዬ ሰው ማመላለስ ነው። አንድ ቀን አትላንታ አጠገብ ደንዉዲ ውስጥ ተሳፋሪዬን ስጠብቅ፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ፣ ጫፉ ላይ ሰሃን የሚያህል ክብ ነገር ያለበት ዘንግ እያወዛወዘ፣ ቤት በፈረሰበት ባዶ ቦታ ላይ ሲመላለስ አየሁ። ወርጄ ጠየቅኩት። ከኪሱ አንድ የጠቆረ ሳንቲም አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝና “ንጹሕ ብር ነው፣ አያቴ ሳይወለድ የወደቀ ነው” አለኝ። ተሳፋሪዬ መጥቶ መኪናው አጠገብ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ እኔ ግን ሳንቲሙን ለመመለስ እጄ እምቢ አለኝ። በሳምንቱ እንደ እሱ ያለ የብረት መፈለጊያ ማሽን ቤቴ ገባ።

ከእኛ ሁለት ቤት አልፈው፣ ፓይን ሌክ ሐይቁ አጠገብ የሚኖሩ ጋሼ የምላቸው ጎረቤት አሉኝ። በሱዳን በኩል ስደተኛ ሆነው የመጡ፣ ፓርኪንግ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ወታደር ስለነበሩ ማሽኑን ገና ሲያዩት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

“ይኼ ፈንጂ የሚለቀምበት አይደለም እንዴ? አሜሪካ ድረስ መጥተህ ፈንጂ ልትለቅም ነው?”

“የድሮ ሳንቲም መፈለጊያ ነው ጋሼ።”

“የማን ሳንቲም?”

“ድሮ የጣሉት ሰዎች ነዋ።”

“ቢመጡብህስ?”

እንዲህ እየቀለዱ ጀምረው በወሩ የራሳቸውን ማሽን ገዙ። እሳቸው በማግኘት አይጨነቁም። ንጹሕ አየር ነው፣ እግሬን ያፍታታልኛል ይላሉ። ሚስማርም ቢያወጡ “ተመስገን” ብለው ኪሳቸው ይከታሉ። በእሳቸው ቀንቼ አላውቅም።

የቀናሁት በሦስተኛችን ነው። ባልንጀራዬ እለዋለሁ፤ ከእኔ በስምንት ዓመት ያንሳል፣ ዲቪ ደርሶት የመጣ ልጅ ነው። ኤርፖርት ሄጄ የተቀበልኩት እኔ፣ መንጃ ፈቃድ ያስወጣሁት እኔ፣ መጋዘን ሥራ ያስገባሁት እኔ። ክላርክስተን አንድ ባዶ ሜዳ ወስጄ፣ “ቀስ! ቀስ!” እያልኩ በኋላ ማርሽ ፓርክ ማድረግ ያስተማርኩትም እኔው ነኝ። በዚያን ጊዜ በጣም እወደው ነበር። አሁን ሳስበው የወደድኩት ከኋላዬ ስለነበረ ነው።

አንድ ቅዳሜ አብሮን መጣ። አሮጌውን ማሽኔን አዋስኩት። ሃያ ደቂቃ እንኳ አልሞላውም፤ ተንበርክኮ አፈር ጫረና፣ “ወንድሜ፣ ይቺ ነገር ምንድን ናት?” አለኝ። መዳፉ ላይ ነጭ፣ ትናንት የተሠራች የምትመስል የብር ሳንቲም ተኝታለች። ምን እንደሆነች እንኳ አላወቀም! እኔ በበኩሌ በዚያን ጊዜ ድፍን ሁለት ዓመት ቆፍሬ ነበር። ያገኘሁት የጣሳ መክፈቻ ቀለበት፣ ሚስማር፣ የዛገ ማጠፊያ፣ ሁለት ሦስት የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የእርሳስ ጥይትና አንድ የአሻንጉሊት መኪና ነው። ሁሉንም በጃም ጠርሙስ ወጥ ቤት መስኮት ላይ አኑሬዋለሁ። ባለቤቴ ቅዳሜ ማታ ስገባ፣ “ቆራሌው መጣ!” ብላ ነው በር የምትከፍትልኝ።

“ጥሩ ናት፣” አልኩት። ወደ ማሽኔ ዞርኩ። ጋሼ እልል ማለት ብቻ ነው የቀራቸው፤ አቅፈው ሳሙት።

ከዚያ በኋላማ ተወው። ሌላ የብር ሳንቲም፣ ከዚያ የወታደር አዝራር፣ ከዚያ ልብስ ሰፊ መርፌ እንዳይወጋው ጣቱ ላይ የሚያጠልቀው የብር ቆብ። እኔ ያለፍኩበትን መሬት ከኋላዬ እየመጣ ያወጣል። አንድ የክርስትና ግብዣ ላይ ስልኩን እያዞረ ፎቶዎቹን ሲያሳይ ሰው ከበበው። ባለቤቴም ተቀብላ አየችና፣ “ይሄ ልጅ እጁ የተባረከ ነው” አለች። ሳህኔን ይዤ እዚያው ቆሜ በግድ ፈገግ እላለሁ። “ሁሉን ያስተማረኝ እሱ ነው” ብሎ ወደ እኔ ሲጠቁም ደግሞ ባሰብኝ። ምነው ቢኮራ? ጉረኛ ቢሆን ኖሮ እጠላውና እገላገል ነበር።

ቀናሁ፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም። የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ አንዲት የብር ሳንቲም፣ በገዛ እጄ ተቆፍራ የወጣች፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች ቆመው እያዩ። የምትሸጥበት ዋጋ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ጋሼ አቅፈው እንዲስሙኝ፣ እሱም “አሳየኝ እስቲ” ብሎ እጁን እንዲዘረጋ ነበር የምመኘው።

የዕጣውን ሐሳብ ያመጣሁትም ለዚህ ነው። ሦስታችንም ቅርጫ እናውቃለን። በየበዓሉ እዚህም ቢሆን ከአንድ የጆርጂያ ገበሬ በሬ ገዝተን፣ ሥጋው በመደብ በመደብ ይከፋፈልና፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ ዕቃ ይሰጣል፤ ቁልፍም ይሁን፣ እንጨትም ይሁን። የትኛው ዕቃ የማን እንደሆነ ያላየ ሰው በየመደቡ ላይ ይጥላል። ዕቃህ የወደቀበት የአንተ ነው፤ ቅልጥሙ ቢደርስህም ባይደርስህም ማጉረምረም ነውር ነው። “መሬቱንም እንደዚያ እናድርገው” አልኳቸው። ጋሼ በጣም ተደሰቱ፤ ፍትሕ ያለበት ነገር ነው አሉ። እኔ ግን ስለ ፍትሕ አልነበረም ያሰብኩት። ባልንጀራዬ ዓይኑ ደስ ወዳለው ቦታ እየሄደ ሲያወጣ ማየት ስለመረረኝ ነው።

ቀኑ ቅዳሜ ነው። እሑድ አፈር አይቆፈርም፤ ማርያምና ሚካኤል ሲውሉም ጋሼ አይወጡም። መጀመሪያ ላይ ቅዳሜም ሰንበት ናት ብለው ነበር፤ በኋላ ግን አሜሪካ ያለ ሰው ሁለት ሰንበት አይችልም ብለው ለራሳቸው ፈቀዱ። ቦታ የማመጣው እኔ ነኝ። ኬኔሶ ያለው፣ ያ ጦርነት የተደረገበት ተራራ የመንግሥት ፓርክ ስለሆነ ማሽን ይዞ መግባት ወንጀል ነው። በሰው ግቢ ደግሞ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይቻልም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ስለምውል ፐርሚሽን ማግኘት አይከብደኝም።

እዚያው ኬኔሶ አንዲት አሮጊት ደንበኛ አለችኝ፤ ሰማንያ አልፏታል። ዓይን ሐኪም ቤት የማመላልሳት እኔ ነኝ። የተወለደችበት የእንጨት ቤት ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ከፊት ለፊት ሜዳ፣ በጎን የደረቀ የውኃ ጉድጓድ፣ ከኋላ ፔካን የሚባል፣ ለውዝ መሳይ ፍሬ የሚያፈራ አንድ ትልቅ ዛፍ አለ። ፈቃድ ስጠይቃት ሳቀችና፣ “ወርቅ ካገኛችሁ እኩል እንካፈላለን፣ ሃኒ” አለችኝ። የመጀመሪያው ቀን ስንሄድ ዕጣ ጣይዋ እሷ ሆነች፤ ጨዋታው እንደ ሕፃን አስደሰታት። ጋሼ መቁጠሪያቸውን፣ እኔ የመኪናዬን ቁልፍ፣ ባልንጀራዬ ባርኔጣውን ሰጠን። ሊመሽ የቀረው ጊዜ አጭር ስለነበር ሜዳውን ብቻ ሦስት ቦታ ከፍለን ፈተሽን፤ ሁላችንም ጥይትና ቆርቆሮ ይዘን ተመለስን።

ያን ቀን ታዲያ ሴትዮዋንም ወሰደብኝ። እንግሊዝኛው ከእኔ ግማሽ አይሆንም፤ ግን የተንጋደደ የፖስታ ሳጥኗን አይቶ ሳትጠይቀው አቃናላት፣ እሷም እጁን ይዛ እየሳቀች በረንዳዋ ላይ አስቀመጠችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያመላለስኳት እኔ መኪናው ጋ ቆሜ አየሁ። ሳጥኑ የተንጋደደ መሆኑን እኔም አይቼ ነበር። በየጊዜው አጠገቡ ነበር የማቆመው።

ለሁለተኛው ጉዟችን ቅዳሜ ተቀጣጠርን። ሐሙስ ዕለት ሴትዮዋን ከሐኪም ቤት መለስኳት። አንዱ ዓይኗ በኦፕሬሽን ተሠርቶ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ነበር። ደክሟት ሶፋዋ ላይ ጋደም አለች። ማሽኑ የመኪናዬ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነው ያለው። ስምምነታችን ማንም ብቻውን እንዳይቆፍር ነው፤ እኔም መቆፈር አላሰብኩም፣ ማዳመጥ ብቻ ነው አልኩ ለራሴ።

ከፔካኑ ግንድ ሦስት እርምጃ ወደ ቤቱ በኩል ማሽኑ ጮኸ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሰው ድምፅ ይለያል። ሚስማር ይሰባበራል፣ ይንኮሻኮሻል። ይህ ግን ጥርት ያለ፣ ከየትኛውም ወገን ብትመጣበት የማይለወጥ ነበር፤ የማሽኑ መስኮት ላይ ያለውም ቁጥር ከፍ ብሎ ቆመ። ዞሬ ደገምኩት። ዞሬ ደገምኩት። አካፋውም አብሮኝ ነበር፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ግን ብቻዬን ባወጣው ማን ያየኛል? የፔካን ቅጠል በእግሬ መልሼ አለበስኩት።

ከመሄዴ በፊት ሴትዮዋ ነቅታ በረንዳ ወጥታ ነበር። “ቅዳሜ ዕጣ ሲጥሉ የመኪናውን ቁልፍ ዛፉ ጋ ያድርጉልኝ” አልኳት።

“ማጭበርበር ነው?” አለች ጤነኛ ዓይኗን አጥብባ።

“ትንሽ ቀልድ ነው፤ ለጓደኞቼ።”

“ሚስጥር እወዳለሁ” አለችና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ሐሙስና ዓርብ እንደ ሙሽራ ነበርኩ። ባለቤቴ፣ “ምን አግኝተህ ነው?” ብትለኝ፣ “ገና ነው” አልኳት።

ቅዳሜ ሦስታችንም በእኔ መኪና ሄድን። ግቢውን በገመድ ሦስት መደብ አደረግነው፦ ሜዳው፣ ጉድጓዱ፣ ዛፉ። ጋሼ መቁጠሪያቸውን አወለቁ። እኔ ቁልፌን ሰጠሁ። ባልንጀራዬ ራሱን ዳሰሰና ሳቀ።

“ውይ፣ ባርኔጣዬን ረሳሁት። ኖ ፕሮብሌም፣ እኔም ቁልፌን ልስጥ።”

ከኪሱ ያወጣው ቁልፍ የእኔው መንትያ ነው። የአትላንታ ሐበሻ ግማሹ የሚነዳው ያንኑ መኪና ነው፤ እሱንም ያስገዛሁት እኔው ነኝ፣ “ከዚህ ሌላ እንዳትነካ፣ አይበላሽም” ብዬ። ልዩነቱ የእሱ ላይ ትንሽ የጠርሙስ መክፈቻ መንጠልጠሉ ብቻ ነው። ሴትዮዋ ጋሼ ሰብስበው የሰጧትን ሁለቱን ቁልፎች በሁለት እጇ ይዛ በአንድ ዓይኗ አየቻቸው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። የእኔ ያለበትን ቀኝ እጇን በዓይኔ ልጠቁማት ሞከርኩ። “አንድ ዕቃ ይቀየር፤ ሁለት ቁልፍ ያምታታል” አልኩ።

“ማንን ነው የሚያምታታው?” አሉ ጋሼ። “እሷ የማን እንደሆነ ማወቅ የለባትም። እንዲያውም ይኼ ነው ትክክለኛ ዕጣ!”

እንደ ሥርዓቱ ጀርባችንን ሰጥተን ቆምን። ከኋላዬ ቅጠል ላይ ስትራመድ ይሰማኛል፤ ወደ ዛፉ ስትሄድ፣ ቆም ስትል። ዞርን። መቁጠሪያው ሜዳው ላይ ነው። ጉድጓዱ አጠገብ ያለው ቁልፍ የእኔ ነው። ዛፉ ሥር ያለው የጠርሙስ መክፈቻ አለበት። ሴትዮዋ ሥራዋን የጨረሰች መስሏት በጤነኛው ዓይኗ ጠቀሰችኝና ወደ ቤት ገባች።

“እዚያ ሥር ብቻ ነው ያለው፤ መቆፈሪያ አይገባም” አልኩት ባልንጀራዬን። “ከፈለግህ እንቀያየር። እኔ ጉልበት አለኝ።”

“ግድ የለም ወንድሜ፣ እሞክረዋለሁ።”

“ዕጣ አይቀየርም!” ጮኹ ጋሼ ከሜዳው። “ቅልጥም የደረሰው ቅልጥሙን ይጋጥ!”

ጉድጓዱ ዙሪያ ማሽኑን አወዛውዛለሁ እንጂ የሚለኝን አልሰማም። ማዳመጫዬን አንድ ጆሮ ላይ ብቻ አድርጌ እሱን ነው የምከታተለው። በማይረባው በኩል ጀመረ። ጌታዬ ሆይ፣ እዚያው ይድከምና ይተወው ብዬ ለመንኩ፤ ሰው ለእንዲህ ያለ ነገር ይጸልያል። ዞረ። ወደ ቤቱ በኩል መጣ። አራት እርምጃ፣ ሦስት። ማሽኑ ሲጮህ እኔ ከቆምኩበት ሰማሁት፤ የእኔን ድምፅ፣ ሐሙስ ሙሉ ሌሊት ጆሮዬ ውስጥ የነበረውን። “ጋሼ! ወንድሜ! ኑማ፣ ኑ!” አለ። ልክ እኔ ላደርገው እንዳሰብኩት ጠራን፣ እንድናይለት።

ከሥሮቹ መካከል ያወጣው የሰው መዳፍ መሐል የሚሞላ ትልቅ የብር ዶላር ሳንቲም ነበር። ጋሼ አቀፉት። እኔም አቀፍኩት፤ ክንዴ እንደ እንጨት ደርቆ። ሴትዮዋ ጩኸታችንን ሰምታ ወጣች። ሳንቲሙን ሰጣት። ገልብጣ በጣቷ ጀርባውን ዳሰሰች፤ በቢላ የተጫረ አንድ ፊደል ነበረበት። በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች።

የወንድሟ ነው። አያታቸው ሰጥተውት፣ ልጆች ሳሉ ጠፍቶ፣ እሷ ሰረቅሽው ተብላ በቀበቶ ተገርፋለች። ወንድሟ እስኪሞት ድረስ አላመናትም። “ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ቤት ሌባዋ እኔ ነበርኩ” አለች። ከዚያ ባልንጀራዬን ጎትታ አንገቱን አቅፋ አለቀሰች። እሱ በጉልበቱ ተንበርክኮ ትከሻዋን ይደባብሳል፤ ሳንቲሙንም እጇ ላይ አድርጎ ጣቶቿን አጠፈላት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ፣ ያ እንባ የእኔ ትከሻ ላይ መውደቅ ነበረበት እላለሁ። አንዲት አሮጊት እያለቀሰች፣ እኔ ለቅሶዋን ተመኘሁ።

እንባዋን ጠረገችና ቀና አለች። እኔን አየችኝ፣ እሱን አየች፣ ዛፉን አየች።

“ሃኒ፣ እኔ ግን ዛፉ ጋ ያስቀመጥኩት ያንተን አልነበረም እንዴ? ሐሙስ ዕለት ቁልፉን እዚያ ያድርጉልኝ ብለኸኝ፣ ማሽንህን ይዘህ አይቼህ . . . ተሳሳትኩ?”

ጋሼ እንግሊዝኛ ሲፈጥን ያመልጣቸዋል። ወደ እኔ ዞር አሉ። “ምን አለች?”

ተርጓሚያቸው ሁልጊዜ እኔ ነኝ። “እያመሰገነችን ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ነው የምትለው” አልኩ።

ባልንጀራዬ ከተንበረከከበት ቀና ብሎ አየኝ። እንግሊዝኛው ያን ያህል ደካማ አይደለም። ዓይኑ ፊቴ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ ይልቅ አሁን ገና ያየኝ ይመስል ነበር። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረ።

“አዎ ጋሼ፣ እያመሰገነች ነው” አለ። ለሴትዮዋም፣ “አልተሳሳቱም፣ ጥሩ አድርገው ነው የጣሉት” አላት።

ጉድጓዳችንን ደፍነን፣ ሣሩን መልሰን ተሰናበትን። መኪናው ውስጥ ጋሼ ከፊት ተቀምጠው ስለ ሴትዮዋ እያወሩ፣ አንዴም ዓይናቸውን እየጠረጉ መጡ። እሱ ከኋላ ተቀምጧል። በመስታወቱ እንዳላየው መስታወቱን ወደ ላይ ቀየርኩት። ከዋናው መንገድ ስንወርድ ተናገረ።

“ጋሼ፣ ዕጣው ከዛሬ ወዲህ ይቅር። ቦታውን የሚያመጣልን እሱ ነው፣ ያስተማረንም እሱ ነው። መጀመሪያ እሱ ይምረጥ፤ እኛ የተረፈውን እንካፈላለን።”

“እውነትህን ነው! ይገባዋል!” አሉ ጋሼ፣ ትከሻዬን እየመቱ። “ምነው እስከ ዛሬ ሳናስበው!”

እምቢ ብል ምክንያቱን መናገር ሊኖርብኝ ነው። እሱ ይህን ያውቃል። ሊቀጣኝ ይሁን ሊሸፍነኝ እስካሁን አልገባኝም፤ ጠይቄውም አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር፣ ያን ሰዓት መሪውን ይዤ በሳንቲሙ ሳይሆን በእሱ በራሱ መቅናቴን ነው። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን፣ ለጋሼ አንድ በአንድ ተርጉሜ በነገርኳቸው ነበር።

አሁንም በየሁለት ሳምንቱ እንወጣለን። መኪናውን አቁመን እንወርዳለን፤ ጋሼ “በል፣ ምረጥ” ይሉኛል፤ እሱም ማሽኑን መሬት ላይ አስደግፎ ከኋላዬ ይቆማል። እኔም ዞር ዞር ብዬ፣ ቦታውን ሁሉ አይቼ፣ ምንም የሌለበት የሚመስለኝን እመርጣለሁ።